ለቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንቶች፦ ስለ ታካሚዎች የሥርዓተ ምግብ ምዘና

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤

በተመላላሽ ክፍላችን የታካሚዎችን የሥርዓተ ምግብ ሁኔታ የምንመዝንበትንና የምንከታተልበትን አሠራር ወጥ ለማድረግ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በክፍሉ የስብሰባ አዳራሽ እንገናኛለን። እያንዳንዳችሁ የክንድ ዙሪያ መለኪያና፣ ስምና የካርድ ቁጥር ያልሰፈረበት የአንድ ታካሚ ታሪክ ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን። ከ6 እስከ 59 ወር ባሉ ሕፃናት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ የክንድ ዙሪያ ከፍተኛ የምግብ እጥረትን እንደሚያመለክት ሁላችንም እናውቃለን፤ የሚዘነጋው አዋቂው ነው፤ በተለይም ሲያዩት ደህና መስሎ በጥቂት ወራት ውስጥ ቀበቶው የሰፋበት። ውሳኔ የሚሻው ደግሞ ኢንሱሊን የሚወስዱ ጿሚዎችን ጾሙ ከመግባቱ ምን ያህል ቀደም ብለን ቀጥረን መድኃኒታቸውንና የምግብ ሰዓታቸውን እናስተካክል የሚለው ነው።

መገኘታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ግሩፕ አሳውቁን።