ደም ማነሱን በዘራችን አታሳብቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በሐረርና በድሬዳዋ ተማሪዎች ደም ማነስ ላይ ባወጣችሁት ዘገባ የአርጎባ ልጆች ሰውነት «በዘሩ ምክንያት ብረት አይቀበልም» ብላችኋል። ዓመት ሙሉ ስማችን አይነሳም፤ ሲነሳ በበሽታ፣ ያውም በስሕተት። ሌላውን ትቼ ይህችን ዐረፍተ ነገር ብቻ እይዛለሁ።

ያነሳችሁት ጂን ቲኤምፒአርኤስኤስ6 ይባላል። ሥራው ሄፕሲዲን የተባለውን የጉበት ሆርሞን ዝቅ ማድረግ ነው። ሄፕሲዲን ሲበዛ ብረት ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፍበት በር ይዘጋል። በዚህ ጂን ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ብዙ ጤነኛ ሰው ይዞት የሚኖረው ትንሽ ለውጥ ነው፤ በምሥራቅ እስያ በጣም የተለመደ ሲሆን አፍሪካ ውስጥ ያንሳል። ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን የደም ክፍል፣ ሄሞግሎቢንን፣ የሚቀንሰውም በአንድ ቅጂ በዴሲሊትር ከ0.2 ግራም በታች ነው። ሌላው ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ የሚመጣ፣ እምብዛም የማይገኝ በሽታ ነው። የአይረን ኪኒን ተውጦ ለውጥ የማያመጣው በዚህኛው ነው። እናንተ የዚህን መዘዝ ለዚያኛው ሰጣችሁ፤ ከዚያም ጂናቸው ተመርምሮ በማያውቅ ልጆች ላይ ለጠፋችሁት።

የተመረመረው ከጣት የተወሰደ ደም፣ እሱም ሄሞግሎቢን ብቻ ነው። ሄሞግሎቢን ደም ማነሱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ከፍ ባለ ቦታ ሄሞግሎቢን ስለሚጨምር ቁጥሩም ቢሆን የተለካበትን ከፍታ ይጠይቃል። በዓለም ጤና ድርጅት የ2024 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ወሰኑ በዴሲሊትር 11.5 ግራም ነው፤ ከንባቡ ላይ ግን ለድሬዳዋ ከፍታ 0.8፣ ለሐረር 1.1 ይቀነሳል። 12.5 የተነበበለት የድሬዳዋ ልጅ 11.7 ሆኖ ያልፋል፤ ያንኑ 12.5 ያገኘ የሐረር ልጅ 11.4 ሆኖ ደም ማነስ አለበት ይባላል። ሁለቱን ከተሞች ስታወዳድሩ ይህ ተቀንሷል ወይ? አልጻፋችሁም። አወሳሰዱም ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በደረቅ ጥጥ ተጠርገው ቀጣዩ ነው የሚለካው። ደሙ እምቢ ሲል የልጁ ጣት ከተጨመቀ የሰውነት ፈሳሽ ይቀላቀልና ንባቡ ይወርዳል።

የብረት ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ነው። ወሰኑ በሊትር 15 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ኢንፌክሽን ፌሪቲንን ስለሚያሻቅበው ለታመመ ተማሪ እስከ 70 ይደርሳል፤ ስለዚህ ኢንፌክሽንን የሚጠቁመው የደም ምርመራ፣ ሲአርፒ፣ አብሮ መታየት አለበት። ደግሞም ኢንፌክሽን ራሱ ሄፕሲዲንን ከፍ አድርጎ ያንኑ በር ይዘጋዋል። ወባ ባለባት ድሬዳዋ ይህ ሳይመረመር ወደ ዘር መሮጥ ምን የሚሉት ነው?

ስለ ገበታውም አንድ መስመር የለም። ቀይ ማሽላ ውስጥ ያለው ፋይቴትና ታኒን፣ ከምግብ ጋር የሚጠጣው ሻይና ቁጢ (የቡና ቅጠል ሻይ) ብረትን አስረው ወደ ደም እንዳያልፍ ይይዙታል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ሻይና ቁጢውም ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢርቅ ይሻላል። ይህን ማንም እናት ዛሬውኑ ልታደርገው ትችላለች፤ ዘሯን ግን ልትለውጥ አትችልም።

እርማቱ ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ ይውጣልን። «ሰውነቱ አይቀበልም» የሚለውን ያነበበ ወላጅ ለልጁ የታዘዘውን የአይረን ኪኒን እንዳያቋርጥ በግልጽ ጻፉ። በትክክል ተውጦ በ4 ሳምንት ውስጥ ሄሞግሎቢኑ በዴሲሊትር በ1 ግራም ከጨመረ ሰውነቱ ብረቱን ተቀብሏል ማለት ነው። ካልጨመረ ደግሞ ኪኒኑ በአግባቡ መወሰዱ፣ ወባውና የአንጀት ትሉ ይታይ፤ ጂን የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።