ጉዳዩ፦ በአንደኛ ማዕረግ ትኬት ቆሜ ስለመሄዴና ስለ ማክሰኞው የ17፡42 ባቡር

ለባቡር ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ለንደን

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በእንግሊዝኛ አራት ጊዜ ጽፌላችሁ ስላልተግባባን ይህን አምስተኛውን በምናደድበት ቋንቋ ጽፌዋለሁ፤ ልጄ የተረጎመችው ከሥር ተያይዟል። የወገቤን ቀዶ ጥገናም ሆነ ትኬቱን ለምን እንደምገዛ አልደግምም፤ ፋይሉ እናንተ ዘንድ ነው።

በሦስተኛው መልሳችሁ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በ17፡42ቱ ባቡር ላይ የአንደኛ ማዕረግ ትኬት እንደሚታይ ቃል ገባችሁልኝ። ወረቀቱን ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሰኞ ማንም አልመጣም። ማክሰኞ ተቆጣጣሪው መጣ። አሥራ ሁለቱም ወንበሮች ተይዘው እኔ የመስተዋቱን በር ተደግፌ ቆሜያለሁ። ቢራ የያዘውን አለፈ፣ ታጣፊ ብስክሌቱን መተላለፊያው ላይ የዘረጋውን ተሻገረ፣ በቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ «እመቤቴ፣ ይህ እኮ አንደኛ ማዕረግ ነው» አለኝ። ትኬቴን ሰጠሁት። ገለባብጦ አየና ፎቶ ያለበትን ካርድ ጠየቀኝ። እሱንም ሰጠሁት። «የተቀመጡትንስ አይጠይቁም?» ስለው «ባቡሩ ሞልቷል፤ ዛሬ ለሁሉም ከፍቼዋለሁ» አለ። መቼ ነው የከፈተው? በድምፅ ማጉያው የተነገረው ስለ ሻንጣ ብቻ ነበር። «ታዲያ ለሁሉም ከተከፈተ እኔን ለምን ጠየቁኝ?» አልኩት። «ቆመው ስላየሁዎት» ብሎኝ ሄደ። ከተቀመጡት ሁለቱ እየሳቁ «እኛም የአንደኛ ማዕረግ ትኬት የለንም» አሉኝ። እኔ ብቻ የተጠየቅኩበትን ምክንያት እናንተ ገምቱ፤ እኔ ገምቼ ጨርሻለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። በጉዞ ደንቡ መሠረት አንደኛ ማዕረግ የከፈለ ሰው ቦታው ካልተገኘለት የዋጋውን ልዩነት ሊጠይቅ ይችላልና ጠየቅኩ። መልሳችሁ «በዕለቱ የአንደኛ ማዕረግ አገልግሎት በመደበኛ ሁኔታ ተሰጥቷል» ይላል። እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነው። ተከፍቶ ከነበረ ልዩነቱ ይመለስልኝ። አልተከፈተም ካላችሁ ደግሞ እነዚያ የሚስቁት ሰዎች እያንዳንዳቸው 100 ፓውንድና የጉዞውን ዋጋ መቀጣት ነበረባቸው።

ቅጣቱን የማታውቁት እንዳይመስላችሁ፤ ባለፈው ማርች እዚያው ፉርጎ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ላይ ስትጽፉ አይቻለሁ። ሌላው ክፍል መቆሚያ አጥታ ነው የገባችው። በ21 ቀን ውስጥ ከከፈለች በግማሽ እንደሚቀነስላት ተቆጣጣሪው ሲነግራት ውለታ የዋለላት ይመስል ነበር። ያን ዕለትም ባቡሩ ሞልቶ ነበር፤ እኔም ቆሜ ነበር።

አባቴ በድሬዳዋ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ማዕረግ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ሦስተኛው ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ አሮጊቶቹን አዝኖ ወደ ላይኛው ያሻግር ነበር፤ ግን መጀመሪያ የከፈለውን ሰው አስቀምጦ ነው። ቆሞ የሚሄድ ሰው ባዶ ወንበር አይቶ ቢቀመጥ እኔም አልፈርድበትም። ስምንት ፉርጎ ሊመጣ ሲገባ አራት ልካችሁ ሕዝቡን እንደ ጆንያ ያጨቃችሁት እናንተ ናችሁ። መጸዳጃ ቤቱ ከገና ጀምሮ ተቆልፏል። ለዘገየው ባቡር ካሳ ስጠይቅም የአንዱን ትኬት ፎቶ ሦስት ጊዜ አስልካችሁኛል።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር የምጠይቀው የአንድ ቀን ልዩነት ነበር። አሁን የሦስት ወር ልዩነት እጠይቃለሁ። ተቆጣጣሪው ያለኝን በተመለከተ በጽሑፍ ይቅርታ እፈልጋለሁ፤ ስሜን በትክክል ጽፋችሁ፣ እስካሁን አራት ዓይነት አድርጋችሁታል። በ20 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልመለሳችሁልኝ የማቀዝቀዣዬን ወረቀት ጨምሬ ለባቡር እንባ ጠባቂው አቀርባለሁ።

እስከዚያው የምትልኩት ሰው ካለ በ17፡42ቱ ባቡር ላይ ነኝ፤ ከመስተዋቱ በር በስተግራ፣ ቆሜ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
የወር ትኬት ደንበኛችሁ