ጀልባዋን ከመሸጥሽ በፊት

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጎንደር ክረምቱ ወጥቷል፣ መስኩ ሁሉ አደይ አበባ ነው። እናትሽ ጉልበቷ ተሽሏታል፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች።

አሜሪካ ሚኒሶታ ትቻት ስለመጣኋት፣ በውሃ ላይ ስኪ የቆመ ሰው ስለምትጎትተው ጀልባችን የጻፍሽልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩት። ጀልባዋ ሐይቁ መሀል ሞቃ ቆመች፣ ጋራዥ ብወስዳት ሞተሩ አልቋል ይቀየር አሉኝ፣ ዋጋውን ስሰማ ልሸጣት ቆረጥኩ ነው ያልሽው። አትሽጪያት። ቢያንስ አሁን የምነግርሽን ሳታዪ አትሽጪያት። ያ ሰው የውሃ ፓምፑን እንኳ ሳይከፍት ነው የፈረደው። አንቺ ራስሽ የሙቀቱ መርፌ ሲወጣ ወዲያው አጠፋኋት፣ ቀዝቅዛ ስትነሳ ድምጿ ደህና ነበር፣ ዘይቷም ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም ብለሽኛል። እንዲህ ያለ ሞተር ሞተ አይባልም። ሞተ የሚል ሰው ኮምፕሬሽኑን፣ ማለት በየሲሊንደሩ የሚታመቀውን ግፊት፣ ለክቶ የስምንቱንም ሲሊንደር ቁጥር ጽፎ ይስጥሽ። ቁጥሮቹ ጥሩና ተቀራራቢ ከሆኑ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ከሌሎቹ በጣም ከወረዱ ግን ያኔ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩና በላይኛው ክፍሉ መሀል ያለውን ማሸጊያ፣ እንጠርጥር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። መኪና ራዲያተር አላት፣ ያንኑ ውሃ ደጋግማ ታዞራለች። ይቺ ጀልባ ራዲያተር የላትም። የምትሄድበትን ሐይቅ ነው የምትጠጣው። ውሃው ከሆዷ ሥር ባለ ቀዳዳ ይገባል፣ የካምቢዮውን ዘይት ማቀዝቀዣ ያልፋል፣ ፓምፑ ስቦ ወደ ሞተሩ ይሰደዋል፣ በመጨረሻ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ከኋላ ይወጣል። ፓምፑ ውስጥ ያለው ኢምፔለር የሚባለው ዕቃ ጎማ ነው፣ ዙሪያውን ክንፍ ያለው ትንሽ ጎማ። ያለ ውሃ ከዞረ ወዲያው ይቃጠላል። ባይቃጠልም በዕድሜ ይደርቅና ክንፉ ይሰበራል። በየዓመቱ የሚቀየረው ለዚህ ነው። ዋጋው ደግሞ ከሞተር ዋጋ ጋር ጨርሶ አይወዳደርም።

ጎርጎራ በወረድኩ ቁጥር የጀልባ ልጆቹ ይህንኑ ችግር ያሳዩኛል። የእነሱ ሞተር ከኋላ የሚንጠለጠለው ዓይነት ነው፣ ግን እሱም ሐይቁን ነው የሚጠጣው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ከታየ ወዲህ ሥሩ እየገባ የውሃ መሳቢያውን ይዘጋባቸዋል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ሞተር ካስነሱ በኋላ መጀመሪያ የሚያዩት ከጎኑ የሚፈሰውን ቀጭን ውሃ ነው፣ ውሃው ከደከመ ሳይውሉ ሳያድሩ ያጠፋሉ። አንቺም እንደዚያ ልመጂ። ሞተሩ እንደተነሳ ከኋላ የሚወጣውን ውሃ እዪ፣ ከዚያ መርፌውን እዪ። ወደ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከተቀመጠ ጥሩ ነው።

እንግዲህ በዚህ ተራ ሂጂ። መጀመሪያ ከታች የሚመጣውን ቱቦ ፍቺና የማቀዝቀዣውን አፍ በባትሪ መብራት እዪው። ሐይቃችሁ ሣር እንዳለው አውቃለሁ፣ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ቀጥሎ ቱቦዎቹን ጨምቂያቸው፣ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ማሰሪያ ካለ ፓምፑ በውሃ ፈንታ አየር ይስባል። ከዚያ ፓምፑን ክፈቺ። አራት ትንንሽ ቡሎን ነው። ኢምፔለሩ ላይ ክንፍ ጎድሎ ካገኘሽ አዲሱን ገጥመሽ ብቻ አትዝጊ። የተሰበረው ቁራጭ ወደፊት ነው የሚሄደው፣ የሞተሩን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ቤት ውስጥ ፈልጊው። ሰው ኢምፔለር ቀይሮ አሁንም ትሞቃለች እያለ የሚያለቅሰው ይህን ስለሚዘልል ነው። ቴርሞስታቱንም በዚያው ቀይሪው።

ሌላ ደግሞ። እዚህ የእኛ መካኒክ ዕቃ ሲጠፋ ከሌላ መኪና አምጥቶ ያስገጥማል፣ እኔም በዚህ ሙያ ኮርቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጀልባ ላይ ግን ይህን አታድርጊ። የእኛዋ ሞተር ፎርድ 351 ነው፣ 5.8 ሊትር፣ ያው የፒክአፕ ሞተር። ስለዚህ ከመኪና ሱቅ ዲናሞ ወይም ሞተሪኖ ብትገዢ ይገጥማል፣ ይሠራልም። ችግሩ የመኪናው ዕቃ ብልጭታውን ወደ ውጭ ያሳልፋል። መኪና ሥር ንፋስ አለ፣ ጀልባ ግን ሆዷ ዝግ ነው፣ የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳልና እዚያው ታች ይተኛል። የጀልባ ዲናሞ፣ የጀልባ ሞተሪኖ፣ የጀልባ ካርቡሬተር ብለሽ ግዢ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ሞተር ከማስነሳትሽ በፊት ትነቱን ከሆዷ የሚያወጣውን ማራገቢያ፣ ብሎወሩን፣ ቢያንስ 4 ደቂቃ አስኪጂው። ከዚያም የሞተሩን ክዳን ከፍተሽ አሽቺ። አፍንጫሽን እመኚ። ቤንዚን ከሸተተሽ ቁልፉን አትንኪው።

ስለ እንጨቱም ላንሳ። እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ የተሠሩ ብዙ ጀልባዎች ሞተሩን የሚሸከሙት ወራጆቻቸው በፋይበር የተሸፈነ እንጨት ናቸው። ውሃ ከገባባቸው ከውስጥ ይበሰብሳሉ፣ ከላይ ግን ምንም አይታይም። በመዶሻ እጀታ እየመታሽ ሂጂ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፣ ዱብ ዱብ ካለ ጠርጥሪ። የሞተሩን እግር የያዙት ቡሎኖች ስታጠብቂያቸው ዝም ብለው የሚዞሩ ከሆነ እንጨቱ አልቋል ማለት ነው። ልጄ፣ እሱን ካገኘሽ የመሸጡን ነገር እንደገና እንነጋገራለን፣ ሥራው ከባድ ነውና። እኔ ትቻት ስመጣ ግን ድምጿ ጥርት ያለ ነበር።

ዘንጉ ከጀልባዋ ሆድ በሚወጣበት ቦታ ሲዞር ጠብ ጠብ ቢል አትደንግጪ። መንጠባጠብ አለበት፣ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ጨርሶ እስኪደርቅ ካጠበቅሽው ዘንጉን ይበላዋል። ወራጅ ውሃ ከሆነ ግን ማሸጊያው ይቀየር።

አሁን ለምን አትሽጪ እንዳልኩሽ ልንገርሽ። ገበያው ላይ ያሉት አዳዲሶቹ ትልልቅ ጀልባዎች አብዛኞቹ ውሃ ሞልተው ከኋላቸው ትልቅ ማዕበል እንዲያስነሱ የተሠሩ ናቸው። ያ ለሌላ ጨዋታ ነው። የእኛዋ ለስላሎም ነው የተሠራችው፣ ባለስኪው ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ስድስት ተንሳፋፊ ኳሶች እየዞረ ለሚያልፍበት ውድድር። ሞተሯ መሀል ነው፣ ገመዱ የሚታሰርበት ምሰሶ መሀል ነው፣ ከሆዷ ሥር ቀጥ አድርገው የሚይዟት ክንፎች አሏት። ከኋላዋ የምትተወው ማዕበል ዝቅ ያለና ለስላሳ ነው። ስኪው ላይ ያለ ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲስባት ቂጧን አትወረውርም። ይህን የምትችል አዲስ ጀልባ አለች፣ ግን ዋጋዋ የቤት ዋጋ ነው።

ደግሞ የት እንዳለሽ አትርሺ። ይህ ስፖርት የተጀመረው እዚያው ሚኒሶታ ነው። በ1922 እንደ ፈረንጆቹ፣ ራልፍ ሳሙኤልሰን የተባለ የ18 ዓመት ልጅ ሌክ ሲቲ ከተማ፣ ፔፒን ሐይቅ ላይ፣ ጣውላ ጫፉን በፈላ ውሃ አለስልሶ አጥፎ በላዩ ቆመ። ማንም አላስተማረውም። ትንሽ ሆነሽ ሐይቁን አሳይቼሽ ነበር፣ ታስታውሺ እንደሆነ።

በ49 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስድስቱንም ኳስ አልፌ ወደ 52 ስወጣ አራተኛው ላይ እወድቃለሁ ብለሻል። እጅግ ደስ ብሎኛል! የሴቶች የመጨረሻው ፍጥነት 55 አይደል፣ ደርሰሻል እኮ። ቪዲዮውን አየሁት፣ እናትሽም ለጎረቤት ሁሉ አሳየችው። የወደቅሽው አራተኛው ላይ ነው፣ የተበላሸው ግን መግቢያው ላይ፣ ከመጀመሪያው ኳስ በፊት የምታልፊው በር ላይ ነው። መግቢያውን ለማለፍ ወደ መሀል የምትመለሺው ዘግይተሽ ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ኳስ ጋ በጥድፊያ ትደርሻለሽ። እሱን በግድ ትዞሪያለሽ፣ ገመዱ ይላላል፣ ሁለተኛው ጋ የበለጠ ትዘገያለሽ፣ እንዲህ እያለ አራተኛው ላይ መላ ያጥራል። ኳሶቹ ከመሀል መስመሩ 11.5 ሜትር ርቀው ነው የተቀመጡት፣ ገመድሽ 18.25 ሜትር ነው፣ መንገዱ በሙሉ 259 ሜትር። በ52 ኪሎ ሜትር 18 ሰከንድ አይሞላም። እዚያ ውስጥ የዘገየ ሰው ጊዜ ከየት ያመጣል? ስለዚህ አሁን አራተኛውን እርሺው። አንድ ሙሉ ጠዋት መግቢያውንና የመጀመሪያውን ኳስ ብቻ ሥሪ፣ ከዚያ ልቀቂው።

ክንድሽንም ታጥፊያለሽ። ክንድ ያጠፈ ሰው በጡንቻው ነው የሚስበው፣ ጡንቻ ደግሞ ይደክማል። ክንድሽ ይዘርጋ፣ ጉልበትሽ ይታጠፍ፣ ወገብሽን ወደ እጀታው አቅርቢ፣ ማዕበሉን እስክታልፊ እጀታውን በሁለት እጅ ያዢ።

ባለቤትሽንም ይህን ንገሪው፣ ክፉ ሳይመስለው። አንቺ ስትስቢ ዞሮ አይይሽ፣ እሱ የሚያየው ከፊቱ፣ በመንገዱ መጨረሻ ያለውን የመውጫ በር ነው። አንቺን የሚያይ ሌላ ሰው ጎኑ ይቀመጥ። የእኛዋ ጀልባ ፍጥነት የሚይዝላት መሣሪያ የላትም፣ ስለዚህ አንቺ በሳብሽ ቁጥር ሞተሩ ትንሽ ይወርዳል፣ እሱን በእጁ ቀድሞ መስጠት አለበት። ነዳጅ ሲሰጣት የምትንተፋተፍ ከሆነ ካርቡሬተሯ መጽዳት አለበት። አንቺ ከኳሱ የዘገየሽ የሚመስልሽ አንዳንዴ እሷ ስለምትደክም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ሰው ቪዲዮውን ካየ ወዲህ ጣና ላይ ለምን አይጀመርም እያለ ይጠይቀኛል። ትናንት እንኳ ፒያሳ ቡና ስጠጣ አንዱ ወጣት አጥብቆ ያዘኝ። በአዘዞና በቆላ ድባ ወርደው ጎርጎራ ሲደርሱ ውሃው ተዘርግቶ ሲታይ እውነትም ያጓጓል። እኔ ግን አልደግፈውም። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ እምቦጩ አለ፣ የዓሣ አጥማጁ መረብ በየቦታው ተዘርግቷል። ከሁሉ በላይ በደንገል ታንኳ የሚሄድ ሰው አለ፣ የአንድ ፈጣን ጀልባ ማዕበል ታንኳውን ይገለብጥበታል። ለደስታ ተብሎ የሰው እንጀራ አይነካም። ከፍታውም አለ። ጣና ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ላይ ነው፣ እንደኛዋ ያለ ባለካርቡሬተር ሞተር እዚያ ከጉልበቱ ወደ አንድ አምስተኛው ያጣል።

የልጆቹን ፎቶ አይቼ አንድ ነገር አሳስቦኛል። ከኋላ ያለው መድረክ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ከሆነ ይሁን። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ግን አንድም ሰው እዚያ አይቀመጥ፣ አይንጠልጠልም። የጭስ ማውጫው እዚያው ሥር ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ልጅ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ ነው የሚዝለው፣ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። ይህን ለእንግዶችሽም ሳታፍሪ ንገሪ።

በረዶው ሊመጣባችሁ ነው። ብትሸጪያትም ባትሸጪያትም ይህን ሥራ ጥቅምት ሳያልቅ ጨርሺ። ሞተሩ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ይሰፋል፣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል፣ ያኔ ነው በእውነት ሞተር የሚቀየረው። በሞተሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ማፍሰሻዎች ፍቺ፣ የሁለቱን የጭስ ማውጫ ብረቶች ማፍሰሻ ፍቺ፣ የፓምፑን ቱቦ አውርጂ። ማፍሰሻውን ፈትተሽ ውሃ ካልመጣ ደርቋል ብለሽ እንዳትዘጊ። ዝገት ደፍኖት ነው። በቀጭን ሽቦ ውጊው፣ ድንገት ይፈስሳል። የተፈቱትን ቡሎኖች በላስቲክ አድርገሽ መሪው ላይ እሰሪያቸው፣ በረዶው ሲያልፍ ማንም ሳያያቸው እንዳያስነሳት። ዘይቱንም አሁን ቀይሪው፣ አሮጌ ዘይት የበረዶውን ወራት ሙሉ ውስጧ አይደር።

ቅዳሜ ሥራ ከሌለሽ በናንተ ጠዋት 3 ሰዓት ደውይልኝ፣ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል፣ መብራት ካልጠፋ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። ፓምፑን አብረን እንከፍታለን። ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ባትሪ መብራት፣ አሮጌ ጨርቅ አዘጋጂ። ቡሎኑ እንቢ ካለ አትታገዪው፣ ዘይት ረጭተሽ ጠብቂ። ካሜራውን ወደ ዕቃው አዙሪልኝ። የወጣውን ኢምፔለር እንዳትጥዪው፣ ክንፎቹን ቆጥረን የጎደለ ካለ ቴርሞስታቱን ከመግጠማችን በፊት እንፈልገዋለን።

እናትሽ ሳሚልኝ ብላለች። ልጆቹን ሳሚልን።

አባትሽ
ከጎንደር