ለጠየቃችሁም ላዳመጣችሁም፦ ከዳሌ ጤና ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የቀረበ የምስጋና መልእክት

የተከበራችሁ እናቶች፣ እህቶችና የሙያ ባልደረቦቻችን፤

በሴቶች የዳሌ ጤና ላይ ያዘጋጀነው የትምህርትና የምርመራ መርሐ ግብር በሰላም ተጠናቋል። ለዚህ ያበቃችሁን እናንተ ናችሁና ምስጋናችን ከልብ ነው። የምስጋና መልእክት ማጠር እንደሚገባው እናውቃለን፤ ሆኖም ሰዓት አጥሮን በጥድፊያ ያለፍናቸው ጥያቄዎች ስላሉ፣ እያመሰገንን መልሱንም አብረን እናደርሳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ «ስስቅ፣ ሳስነጥስ፣ ዕቃ ሳነሣ ሽንት ያመልጠኛል» ብላችሁ በሰው ፊት ለተናገራችሁ እናመሰግናለን። እናንተ በመናገራችሁ ዝም ብለው የተቀመጡትም ደፈሩ። «ወልጃለሁ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል፤ ምን ይደረጋል» ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም፤ ይታከማል።

የዳሌ ወለል የምንለው ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ኋላው ጭራ አጥንት እንደ ሸራ የተወጠረ የጡንቻ ንጣፍ ነው። የሽንት ፊኛን፣ ማህፀንንና ደንዳኔን ከሥር ይደግፋል፤ የሽንት ቧንቧ፣ ብልትና ፊንጢጣ በመካከሉ ያልፋሉ። ስንስል በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ይጨምራል። ጡንቻው ከግፊቱ ቀድሞ ካልተኮማተረ ሽንት ያመልጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ጊዜን ማስተካከል ነው፦ ሳሉ ወይም ማስነጠሱ ሲመጣ ቀድማችሁ አጥብቁ፣ እስኪያልፍ ያዙ፣ ከዚያ ልቀቁ። ዕቃ ስታነሡም እንዲሁ።

«ማጥበቅ ማለት ምኑን ነው?» ብላ ለጠየቀችን እህት ልዩ ምስጋና አለን፤ ብዙው ስሕተት የሚጀምረው እዚያ ላይ ነውና። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። አየር ከፊንጢጣ እንዳያመልጥ እንደምትይዙ አድርጉ፤ ያንኑ ስሜት ወደ ፊት፣ ሽንት ለማቋረጥ ወደሚሠራው ክፍል አምጡት። እንቅስቃሴው ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ ነው። መቀመጫና ጭን ሳይጨመደዱ፣ ትንፋሽም ሳይያዝ መሆን አለበት፤ እያጠበቃችሁ መናገር ካቃታችሁ ትንፋሻችሁን ይዛችኋል ማለት ነው። እስከ 10 ሰከንድ ያዙና ያንኑ ያህል ጊዜ አርፉ። 10 ሰከንድ ካልተቻለ በ3 ሰከንድ ጀምሩ፤ ምንም አይደለም። እንዲህ ቢያንስ 8 ጊዜ ከደጋገማችሁ በኋላ 10 ጊዜ ቶሎ ቶሎ አጥብቃችሁ ልቀቁ። በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። መጀመሪያ ተኝታችሁ፣ ሲለመድ ተቀምጣችሁ፣ በመጨረሻ ቆማችሁ ሥሩት፤ ሽንት የሚያመልጠው በአብዛኛው ቆመን ነውና።

በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በቃል ብቻ ተነግሯቸው ከሞከሩት 47 ሴቶች በትክክል የሠሩት ግማሽ ያህሉ እንደነበሩ፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ችግሩን ሊያብስ በሚችል መንገድ እንደሠሩ አሳይቷል። ዋናው ስሕተት ወደ ላይ መሳብ ሲገባ ወደ ታች ማማጥ ነው። በመስታወት ተመልከቱት፦ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ ትክክል ናችሁ፤ ወደ ውጭ ካበጠ ግን አቁሙና ባለሙያ አማክሩ። ሽንት እየሸናችሁ መሐል ላይ ማቋረጥን ልምምድ ያደረጋችሁም ተዉት፤ ፊኛው በደንብ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል።

ምርመራውን ለፈቀዳችሁም፣ «ዛሬ ይቅርብኝ» ላላችሁም እኩል እናመሰግናለን። ምርመራው የሚደረገው ፈቃዳችሁ ሲኖር ብቻ ነው፤ መሐል ላይ ማስቆምም መብታችሁ ነው። ባለሙያዋ ጓንት ባደረገ ጣት የጡንቻውን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ትመዝናለች፣ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይና ስንት ጊዜ እንደሚደገም ትቆጥራለች፤ የሚታዘዘው ልምምድም ከዚያ ይነሣል። የውስጥ ምርመራ ለማትፈልግ ሴት በሆድ ላይ በሚደረግ አልትራሳውንድ እንቅስቃሴውን ማየት ይቻላል።

ከሁሉ ይልቅ ውለታቸው ያለብን «ለወራት ሳጠብቅ ቆየሁ፣ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም» ያሉን ናቸው። ይህ ቅሬታ ይገባናል፤ «አጥብቂ» የሚለው ምክር ለሁሉም እኩል መታደሉ የሙያችን ድክመት ነው። አንዳንድ ሴት ጡንቻዋ የላላ ሳይሆን መላላት ያቃተው ነው። ግንኙነት ያማታል፣ ሽንቷ ቶሎ አይጀምርላትም፣ ከሸናች በኋላም የቀረ ይመስላታል፣ ሰገራ ለመውጣት ታምጣለች፣ ጭራ አጥንቷን ያማታል። ለእሷ ማጥበቅ ሕመም መጨመር ነው። መነሻዋ ትንፋሽ ነው፦ ተኝታ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ስትስብ ሆዷ ይነሣል፣ የዳሌ ወለሏም አብሮ ወደ ታች ይላላል፤ ስታስወጣ ምንም አታጠብቅም። 5 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ጉልበትን ወደ ደረት አቅፎ መተኛት ያግዛል። ቀጥሎ ባለሙያዋ የጨበጡትን ጡንቻዎች በእጅ ታፍታታለች። ዳይሌተር የሚባለው፣ ወደ ብልት የሚገባ ለስላሳ ዘንግ መሰል ማለማመጃ ካስፈለገ ከትንሹ ተጀምሮ፣ በማለስለሻ ቅባት፣ ሕመም ሳይኖር ብቻ ወደሚቀጥለው መጠን ይታለፋል። በሕመም ላይ መግፋት ጡንቻው ይበልጥ እንዲጨብጥ ያስተምረዋል።

ስፖርት ሲሠሩና ሲዘሉ ሽንት እንደሚያመልጣቸው የነገሩን ወጣት ሴቶችም ነበሩ። ያልወለደች ሴት አይደርስባትም የሚባለው ትክክል እንዳልሆነ ስላሳያችሁ እናመሰግናለን።

አዋላጆቻችን ሆይ፣ ነፍሰ ጡር እናቶችን ወደ እኛ ስለላካችሁ ክብረት ይስጥልን። ሽንት የማያመልጣት ነፍሰ ጡር ልምምዱን በጊዜ ብትጀምር በኋላ የማምለጥ ዕድሏ ይቀንሳል። ከ34ኛው ወይም ከ35ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ሥጋ ማሸት ደግሞ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ በምጥ ለምትወልድ ሴት በመቀስ የመቀደድን ዕድል ይቀንሳል። እጅን ታጥቦ፣ ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ዘይት ተቀብቶ፣ አውራ ጣት ወደ ብልት ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ወደ ታችና ወደ ጎን ለ5 ደቂቃ ያህል ቀስ እያለ ይለጠጣል፤ በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜም ቢሆን ይጠቅማል። መወጠር ይሰማል፤ ሊያም ግን አይገባም። የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ኢንፌክሽን ካለ ወይም የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ካረፈ አይደረግም።

ከወሊድ በኋላ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) ከወጣና ሽንት በደንብ ከመጣ በቀስታ ማጥበቅ መጀመር ይቻላል፤ ስፌት ያላትም ብትሆን። ሰገራ ላይ ስትቀመጡ እግራችሁን አጭር ዱካ ላይ አድርጉ፣ ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ ከፍ ይበል፣ ወደ ፊት ዘንበል ብላችሁ ትንፋሽ ሳትይዙ ተጸዳዱ። በዚህ አቀማመጥ ደንዳኔውን ቆልምሞ የያዘው ጡንቻ ይላላል። ቁጢጥ ብላችሁ የምትጠቀሙ ዱካው አያስፈልጋችሁም። ቅዳዱ እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ የደረሰባት እናት፣ አየርም ሰገራም ባያመልጣት እንኳ፣ በባለሙያ መታየት አለባት። በቀዶ ሕክምና የወለዳችሁም «እኔን አይመለከተኝም» አትበሉ፤ ወለሉ ዘጠኙን ወር ተሸክሟል። ሩጫ ከ3 ወር በፊት አይመከርም፤ ከዚያም በኋላ የሚያመልጥ ነገር ወይም ወደ ታች የመክበድ ስሜት ካለ ይቆያል። ሕፃን ይዛችሁ፣ ውሃና ከባድ ዕቃ አንሥታችሁ እናቲቱን ላሳረፋችሁ ባሎችና ቤተሰቦችም እጃችሁ አይንጠፍ።

«ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ» ላላችሁን፦ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፣ ሆድም ያደርቃል፤ በልኩ ጠጡ። በየሰዓቱ ለሚያጣድፋችሁ፣ 3 ቀን የጠጣችሁትንና የሸናችሁበትን ሰዓት መዝግቡ። ከዚያ ስሜቱ ሲመጣ ቁሙ፣ 5 ጊዜ ቶሎ ቶሎ አጥብቁ፣ ግፊቱ ሲያልፍ ረጋ ብላችሁ ሂዱ። በ5 ደቂቃ ማዘግየት ጀምራችሁ ወደ 3 ሰዓት ልዩነት ለመድረስ ቢያንስ 6 ሳምንት ስጡት። «ምናልባት ቢመጣብኝ» እያሉ ሳይፈልጉ መሽናት ፊኛው በትንሹ እንዲጣራ ያስለምደዋል። ለአረጋውያን እናቶች ይህ ከሽንትም በላይ ነው፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲጣደፉ መውደቅ አለና።

ላረጣችሁ እናቶች፦ ኢስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ የብልትና የሽንት ቧንቧ ሥጋ ይሳሳል፣ ይደርቃል፤ ልምምድ ብቻውን ይህን አይመልሰውም። በብልት የሚሰጠውን ኢስትሮጅን ከልምምዱ ጋር ያስተባበሩልንን ሐኪሞች እናመሰግናለን። የማህፀን መውረድ በ1ኛና በ2ኛ ደረጃ ላይ ሲሆን ቢያንስ ለ4 ወር በባለሙያ ክትትል የሚሠራ ልምምድ ምልክቱን ያቀላል። ከዚያ ለበለጠው ፔሳሪ የሚባለው በብልት ውስጥ የሚቀመጥ መደገፊያ ወይም ቀዶ ሕክምና አለ።

ወደ እኛ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ሐኪም መሄድ ያለባቸውን ለይታችሁ ለላካችሁ ነርሶች ባለውለታዎች ነን፦ ከረጅም ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ሽንት የሚፈስባት (ፊስቱላ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፣ በልምምድ አይድንም)፣ ደም የቀላቀለ ሽንት ያየች፣ ካረጠች በኋላ የደማች፣ ወይም የጭኗ መሐል በድንገት ደንዝዞ ሽንቷን መቆጣጠር ያቃታት።

ልምምድ የጀመራችሁ በ12ኛው ሳምንት ድጋሚ እንድትታዩ እንጠብቃችኋለን። ስትመጡ የ3 ቀን የሽንት መዝገባችሁንና በቀን ስንት ፓድ እንደምትቀይሩ ጽፋችሁ ያዙ። ልምምዱን ያቋረጣችሁም ሳትሸማቀቁ ኑ፤ ካቆማችሁበት እንቀጥላለን።

አክባሪዎቻችሁ፣
የዳሌ ጤና ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች