እማዬን ፓስታ ልጋብዛት ወሰድኳት

የኔ እህት፣ እንደምን ከረምሽ? ሐዋሳ ተስማማችሽ? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር።

ካወራን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ኔት ጠፍቶ ነበር ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ እውነትም እኛ ጋ ለብዙ ወር ኢንተርኔት አልነበረም። ግን ከተመለሰም ቆየ፣ ስልክሽም አልተቀየረም፣ ስለዚህ ሰበብ አልደረድርም። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ለምን እንዳፈርኩ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ ግን ያለፈው እሑድ የሆነውን ላውራሽ።

እማዬን ጣሊያን ምግብ ቤት ወሰድኳት። በዓል አልነበረም፣ ምንም አልነበረም። ከጊዮርጊስ ቅዳሴ ተመልሰን ቡናችንን ጠጣን፣ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንደ ልማዷ ወደ ወጥ ቤት ስትነሳ "ዛሬ አትሠሪም፣ ነጠላሽን ልበሺ" አልኳት። "ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ ሽሮው እኮ ተጥዷል!" አለች። ሄጄ አወረድኩት። በባጃጅ ሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች ወደ አንዱ ሄድን። አስተናጋጁ ወንበር ሳብ አድርጎ "ይቀመጡ እናቴ" ሲላት ዞር ብላ ከኋላዋ አየች፣ ለሌላ ሰው የተባለ መስሏት።

ሜኑውን አገላበጠችና መልሳ ሰጠችኝ። ለእሷ ስፓጌቲ በቲማቲም ሱጎ፣ ለእኔ ላዛኛ አዘዝኩ። አንድ ጊዜ እንደ ጎረሰች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አልበሰለም እኮ፣ እንዳያፍሩ ዝም እንበል" አለችኝ። ጣሊያኖች እንደዚህ ነው የሚወዱት፣ "አል ዴንቴ" ይሉታል፣ ለጥርስ እንደ ማለት ነው፣ መሃሉ ጠንከር እንዳለ ነው የሚያወጡት ብዬ አስረዳኋት። አላመነችኝም። ሚጥሚጣ አስመጣች፣ ነሰነሰችበት፣ ከዚያ ጥርግ አድርጋ በላችው።

እየበላን ሳለ ነው ያስተዋልኩት። እማዬ አልተነሳችም።

የኛን ቤት ታውቂዋለሽ፣ ስንት ዓመት አብረሽን በልተሻል። እሷ ታቀርባለች፣ ወጥ ለመጨመር ትነሳለች፣ ውሃ ትረሳና ትመለሳለች፣ ጨው፣ ቃሪያ፣ ደግሞ እንጀራ፣ በመጨረሻ አረፍ ስትል እኛ እጃችንን ታጥበናል። "እኔ እየቀማመስኩ ጠግቤያለሁ" ትላለች። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ መጨረሻው ሳትነሳ ስትበላ ያየሁት ባለፈው እሑድ ነው። ሁለት ጊዜ ልትነሳ እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ነበር፣ ግን የት ትሂድ? ስንጨርስ ሳህኖቹን ደራርባ ልታነሳ ስትል አስተናጋጁ "ይተዉት እናቴ" አላት፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችና ሐይቁን ማየት ጀመረች። ብዙ ዝም ብላ አየች። "ቁጭ ብዬ አይቼው አላውቅም" አለችኝ። ባሕር ዳር አርባ ዓመት ኖራለች፣ ቤታችን ከጣና በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

እዚያው አንቺን አሰብኩሽ።

የመሸኛሽን ምሽት አስታወስኩ። የሐዋሳው ሥራ ተገኘልሽ፣ "ዛሬ በኔ ነው" አልሽኝና ሐይቁ ዳር ወሰድሽኝ። ፖሊ ግቢ ተማሪ እያለን አንድ ሳህን ፓስታ በዳቦ ለሁለት እንበላ የነበርነው ልጆች ሜኑ ይዘን በወግ ስናዝ ደስታሽ ፊትሽ ላይ ይታይ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ሂሳቡ 640 ብር ሲመጣ "በዚህ ብር ቤት ብንሠራው ለስምንት ሰው ይበቃ ነበር" አልኩሽ። እሱም ሳይበቃኝ ፓስታው በኪሎ ስንት እንደሆነ፣ ቲማቲሙ ስንት እንደሆነ እየቆጠርኩ አስረዳሁሽ። አንቺ ዝም አልሽ። እስከ ታክሲው ድረስ ዝም አልሽ። በማግስቱ ስትሄጂ አቅፈሽኛል፣ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፣ እኔም ገብቶኛል። ከዚያ ስልክሽን ባየሁ ቁጥር ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ ተውኩት፣ ቀኑም እየረዘመ ሲሄድ ይባስ ከበደኝ። ይቅር በይኝ የኔ እህት። አንቺ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን እንድናወራ ነበር የከፈልሽው፣ እኔ ደግሞ የቲማቲም ዋጋ አወራሁሽ።

ቤት መሥራቱን ግን አልተውኩም፣ እንደውም አሁን ነው በደንብ የያዝኩት። ብዙ ነገር ተሳስተን ነበር የምንሠራው። መጀመሪያ ውሃው። ለግማሽ ኪሎ ፓስታ አምስት ሊትር ውሃ ነው የሚያስፈልገው፣ ጨውም በሊትር 10 ግራም ያህል፤ እኛ በትንሽ ድስት አጭቀን ስለምንቀቅል ነበር እርስ በርሱ የሚጣበቀው። ሁለተኛ ሰዓቱ። እሽጉ ላይ 10 ደቂቃ ይላል፣ ባሕር ዳር ላይ ግን አይሠራም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ 100 አይገባም፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሪበት። ሐዋሳም ከኛ ብዙ ዝቅ አትልም፣ እንደዚሁ አድርጊ። ደግሞ በፍጹም በቀዝቃዛ ውሃ አትጠቢው! ከተቀቀለበት ውሃ አንድ ኩባያ አስቀሪና ሱጎው ላይ ጨምሪው፤ ከፓስታው የወጣው ስታርች ነው ዘይቱንና ቲማቲሙን የሚያያይዘው። ይህን ሳላውቅ ስንቱን ዓመት ወደ ቱቦ ደፋሁት።

ሱጎውን እኔ እንደ ወጥ ነበር የምሠራው፣ ሽንኩርት ማቁላላት፣ በርበሬ፣ ሳልሳ፣ አንድ ሰዓት እሳት ላይ። መጥፎ አይደለም፣ እማዬ አሁንም እሱን ነው የምትመርጠው። ግን ከፎገራ የሚመጣው ቲማቲም ደርሶ ገበያው ሲሞላ ይህን ሞክሪ፦ ነጭ ሽንኩርት በዘይት በለስላሳ እሳት፣ እንዳይጠቁር ተጠንቀቂ ይመራል፣ ከዚያ ቲማቲሙን ልጠሽ ከትፈሽ ጨምሪ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ጨው፣ በቃ። ሲወርድ እርጥብ በሶብላ በእጅሽ ቆራርጠሽ በትኚበት። ጣሊያኖች ባዚሊኮ የሚሉት የበሶብላችን ዘመድ ነው። ሮዝመሪ የሚሉትም የጥብስ ቅጠል ነው፣ ለኦሬጋኖ ደግሞ እኔ ጦስኝ ነው የማደርገው፣ በጣም ይስማማል። ቅመሙ ሁሉ በእጃችን ነበር እኮ! ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እንዳለ የጾም ነው። በፍስክ ቀን ቆሮሶ ዓሣ ሳገኝ በትንንሹ ቆርጬ ሱጎው ሊወርድ አምስት ደቂቃ ሲቀረው እጨምረዋለሁ። ይሄኛውን የትም ቤት ከፍዬ አልበላም፣ የኔ ይበልጣል።

ላዛኛ ግን አልሆነልኝም። ኦቨን የለንም፣ በድስት ሞከርኩት፣ ታቹ አረረ ላዩ ጥሬ ቀረ። ፒዛም እንዲሁ፤ ኔፕልስ ውስጥ ከ400 ዲግሪ በላይ በጋለ የእንጨት ምድጃ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይደርሳል፣ የኛ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከሥር ብቻ ነው የሚያግለው፣ መብራቱም በመሃል ይሄዳል። ስለዚህ እነዚህን ወጥቼ ነው የምበላው፣ ሂሳቡንም አልቆጥርም።

ማክሰኞ ማታ እማዬን "ዛሬ እኔ ነኝ፣ ቁጭ በይ" አልኳት። ሦስት ጊዜ ወጥ ቤት መጣች። አንዴ ጨው ቀመሰች፣ አንዴ እሳቱን ቀነሰችብኝ፣ አንዴ ዝም ብላ በሩ ላይ ቆመች። በመጨረሻ ድስቱን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አመጣሁት፣ ውሃውንም፣ ጨውንም፣ ሚጥሚጣውንም፣ የእጅ ማስታጠቢያውንም ሳይቀር አጠገቧ ደረደርኩት፣ የምትነሳበት ነገር እንዳይኖር። ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ተቀመጠች። በደንብ አብስዬው ነበር፣ ለጥርስ ሳይሆን ለእሷ። እየበላን ስለ አባቴ አወራችኝ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር፤ እሱን ስትመጪ እነግርሻለሁ።

ለጥምቀት ነይ። እትዬንም ይዘሻት ብትመጪ ደስ ይለናል፣ እማዬ ሁልጊዜ ትጠይቃታለች። በግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አላየሽውም፣ 380 ሜትር ነው፣ ማታ ማታ ነፋሱ ደስ ይላል፣ በእግራችን ደርሶ መልስ እንሄዳለን። የመጀመሪያው ቀን ምሳ እኔ ነኝ የምጋብዝሽ፣ እዚያው ቤት፣ የፈለግሽውን ታዣለሽ። በማግስቱ ቆሮሶውን እሠራልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ከዚያ በፊት ጻፊልኝ። ያን ምሽት ምን ነበር ያዘዝሽው? ብዙ አሰብኩ፣ ሳህንሽን ላስታውስ ሞከርኩ። 640 ብሩን ብቻ ነው የማስታውሰው።

እህትሽ፣ ከባሕር ዳር