የድራማ ክበብ፦ መሪጌታውና ነጋዴዋ በአንድ ባቡር

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ አንድ መሪጌታንና አንዲት የድሬ ነጋዴን ጎን ለጎን አስቀምጦ አዲስ አበባ ማድረስ ነበር። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፈጀብን። የዚያ ዘመን ባቡር እንኳን ከጅቡቲ ተነስቶ በሦስት ቀን ይገባ ነበር።

ታሪካዊ ተውኔት እንሥራ ሲባል ዓድዋ ወይም መቅደላ ይመረጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ልጆቹ ግን የፍቅር ኮሜዲ አሉ። ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ ስለ ባቡር አለመጻፍ ስለማይቻል ቦታው ወዲያው ተገኘ። ከተማችንም የበቀለችው ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። ሐረር ተራራው ላይ በመሆኗ መስመሩ ሳይወጣላት ቀረ። አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። ተውኔቱን 1912 ዓ.ም. ላይ አደረግነው፣ ሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ።

መሪጌታው ጎንደሬ ነው። ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ በጅቡቲ በኩል ይመለሳል። ነጋዴዋ ድሬ ላይ ጨርቅና ሽቶ ይዛ ትሳፈራለች። ሰላምታዋ «አቦ፣ ጠጋ በል!» ነው። ዕድሜውን ሙሉ «እርስዎ» ሲባል የኖረ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አስቡት። የዘጠነኛ ክፍሉ ተማሪያችን ያን ፊት ለማግኘት ሁለት ሳምንት መስታወት ፊት ቆሟል።

በመጀመሪያው ረቂቅ ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ በጨረቃ ይጓዝ ነበር። እነሱም በመስኮት ጨረቃ እያዩ ይዋደዳሉ። እንግዳ አድርገን የጋበዝናቸው የባቡር ጡረተኛ አባት ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው። ያኔ ባቡር በሌሊት አይሄድም፤ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። ደራሲዎቻችን አኮረፉ። እኔ ግን ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ባቡሩ አዋሽ ላይ ሲቆም ተውኔቱ መሄድ ጀመረ።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ነጋዴዋ የዶሮ ወጥ ቋጥራለች። መሪጌታው እኩለ ሌሊት ሳያልፍ አልነካም ይላል። እሷ የጣቢያውን ሰዓት ታሳየዋለች፤ ስድስት ይላል። «ይኸው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት! ብላ እንግዲህ!» ሰዓቱ የፈረንጅ ነው፤ ፀሐይ ገና መግባቷ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ግን በዚህ አይሸወድም። ኮከብ እየቆጠረ ስድስት ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል። እሷም «እስቲ የምትቆጥረውን ልይልህ» ብላ አብራው ትቀመጣለች። ቅኔ ይቀኝላታል፤ «በአማርኛ ንገረኝ» ትለዋለች። የጨርቅ ዋጋ ታስረዳዋለች፤ እሱም በተራው ግራ ይገባዋል። እኩለ ሌሊት ሲደርስ እሷ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። እንዳትነቃ ብሎ ዶሮውን ሳይቀምስ ያድራል። መሳም የለ፣ መተቃቀፍ የለ። ከዚህ የበለጠ የፍቅር ትዕይንት ልጆቹ የሚጽፉ አይመስለኝም።

በማግስቱ ባቡሩ ከ1,000 ሜትር በታች ካለው አዋሽ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነው አዲስ አበባ ይወጣል። ቆላ የለመደችው ነጋዴ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ጋቢው ይሻገራል። እዚህ ላይ ጨርቁን ከጉምሩክ ለመደበቅ መሪጌታውን ሦስት ቀሚስ ደርባ ታለብሰዋለች። ይህ የኮንትሮባንድ ጨዋታ የኋላ ዘመን ወሬ ነው፤ ልጆቹ ከአያቶቻቸው የሰሙት። ታዳሚው ስለሚስቅበት ብቻ አለፍኩት። የመጨረሻውን መጋረጃ ግን አላለፍኩም። ሠዓሊያችን ዛሬ ያለውን የለገሃር ሕንጻ አሳምሮ ሥሎ ነበር። ሕንጻው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ስለሆነ በነጭ ቀለም አጠፋነው። እስካሁን በደንብ ሰላም አይለኝም።

ማብቂያው ላይ መሪጌታው በወጉ ሽማግሌ መላክ ይፈልጋል። በማያውቀው ከተማ ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ትኬት ተቆጣጣሪውን፣ አንድ ሻንጣ ተሸካሚንና አማርኛ የማይችል ግሪክ ነጋዴን ይለምናል። ሦስቱ ተሰልፈው ሲቆሙ ነጋዴዋ «ይሄ ሁሉ ሰው ከመጣ ጭነቴን አንሱልኝ» ትላለች። ሽማግሌዎቹ ጭነቱን ተሸክመው፣ ሙሽራው ከነቀሚሱ ተከትሏቸው ይወጣሉ።

በወላጆች ቀን ሲታይ ለባቡሩ ጭስ ያጨስነው ዕጣን ስለበዛ የፊት ወንበሮች አንድ ሙሉ ትዕይንት ሲያስሉ አመለጣቸው። ድምፁን ያወጣው ቆርቆሮ የኮሪደሩ ጣሪያ ነበርና ክረምቱ ሳይገባ ተመልሶ ተመትቷል። መሪጌታችን ቤተሰቡ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚዛወር በመስከረም ቦታው ክፍት ነው። የሚፈልግ ወንድ ልጅ ይምጣ፤ ጢም አያስፈልግም፣ ሦስት ቀሚስ ደርቦ መራመድ ግን ይጠበቅበታል።