ወረዳችንን እንቁጠር፦ ለቤተሰብ መዝገብ ሥራ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለወረዳችን ነዋሪዎች፣ ተወላጆችና ወዳጆች፣ በያላችሁበት፤

እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው ጥር የቀበሌያችን ሽማግሌዎች ተጨማሪ የመማሪያ ክፍል እንዲሠራ ለመጠየቅ ወደ ወረዳው ከተማ ወርደው ነበር። ልጆቹ በፈረቃ እየተማሩም ክፍል አልበቃም፤ አንደኛ ክፍሎች ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው ፊደል የሚቆጥሩት። ያነጋገራቸው ባለሙያ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ እስኪጨርሱ አዳመጣቸው፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «በእኛ መረጃ ቀበሌያችሁ ለትምህርት የደረሰ ያን ያህል ልጅ የለውም» አላቸው። አንደኛው አባት «ታዲያ ዋርካው ሥር የተቀመጡት እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አላገኙም። በዚያው ቀን ለሌላ ጉዳይ ሁለት ቢሮ ረግጠው ነበርና የቀበሌያቸውን ሕዝብ ብዛት ጠየቁ፤ ሁለቱም ቢሮ የተለያየ ቁጥር ነገራቸው።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ሦስቱም ባለሙያዎች የያዙት ቁጥር ግምት ነው፤ ግምቱ ደግሞ የሚነሣው ከአንድ ቦታ ነው፣ ከ1999ኙ ቆጠራ። አገራችን እስካሁን ሦስት ጊዜ ሕዝቧን ቆጥራለች። በ1976 ዓ.ም. ወደ 42.6 ሚሊዮን፣ በ1987 ወደ 53.5 ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ (አፋርና ሶማሌ ክልሎች ጥቂት ወራት ዘግይተው በ2000 ዓ.ም. ነበር የተቆጠሩት)። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል። አራተኛው በ2010 ሊካሄድ ታስቦ ተራዘመ፣ በ2011ም እንደገና ተራዘመ፣ ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነትም ተከተለ። ለቆጠራው የተገዙት ታብሌቶች ሳይቀሩ አረጁ። በ1999 የተወለደች ልጅ ዛሬ ራሷ እናት ልትሆን ትችላለች፤ ወረዳችን ግን አሁንም ያኔ በነበረው ሕዝብ ላይ ተደምሮለት በሚገኝ ቁጥር ነው የሚታቀድለት።

«ቢደመር ምናለበት?» የሚል አይጠፋም። እስቲ አብረን እናስላው። በ1999 5,000 ሰው የነበረው አንድ ቀበሌ እንውሰድ። በ1987ቱና በ1999ኙ ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ በየዓመቱ ከመቶ 2.6 ያህል ነው ያደገው። በዚያ ፍጥነት ከተደመረለት ቀበሌው በ2017 ወደ 7,900 ሰው ይኖረዋል። ነገር ግን ወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ዓረብ አገር እየፈለሰ እውነተኛው ዕድገት ከመቶ 1.5 ቢሆንስ? ያን ጊዜ ያለው ሰው 6,500 ብቻ ነው። ልዩነቱ 1,400 ሰው! አሁን ወደ ጤና ኬላው እንምጣ። ከመቶው 3 ያህሉ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው ብንል፣ በወረቀቱ 238 ሕፃን መከተብ አለበት፣ መንደር ውስጥ ያለው ግን 196 ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ተራራ ወጥታ ተራራ ወርዳ 190ውን ብትከትብ ከመቶ 97 ደረሰች ማለት ነው፤ በሪፖርቱ ግን ከመቶ 80 ብቻ ሆኖ ይታይና በግምገማ ላይ ትወቀሳለች። ተፈናቃይ በተጠለለበት ቀበሌ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሽፋኑ ከመቶ 110 ይሆንና ሁሉም ያጨበጭባል፣ ያልተከተበው ሕፃን ግን እዚያው እቤቱ አለ። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን በስብሰባ ላይ ሲነበብ ሰምታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ገንዘቡም በዚሁ ነው የሚከፈለው። የፌዴራል ድጎማ ለክልሎች፣ የክልሉ በጀት ደግሞ ለወረዳዎች የሚደለደለው በቀመር ሲሆን በቀመሩ ውስጥ የሕዝብ ብዛት ትልቅ ቦታ አለው። ስለዚህ ነገር ብዙ ስለተባለ እንለፈው።

ያሰብነው ሥራ ይህ ነው። በወረዳችን ቀበሌዎች ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርን እያንዳንዱን ቤተሰብ በአንድ ጥራዝ መመዝገብ፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ሄደ፣ ማን መጣ የሚለውን እየጨመሩ መዝገቡን ሕያው አድርጎ ማቆየት። ይህ አገራዊ ቆጠራ አይደለም፤ እሱ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሥራ ነው፣ የእኛም መዝገብ ይተካዋል አንልም። ግን ቆጠራው እስኪመጣ እጃችንን አጣጥፈን ለምን እንጠብቃለን? በገጠር ይህ እንደሚቻል ደግሞ አገር ውስጥ ምስክር አለ። በቡታጅራ ዙሪያ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ከ1979 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በተከታታይ ሲመዘገብ ቆይቷል። በዳባትና በጊልጊል ግቤ ዙሪያም ዩኒቨርሲቲዎች ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል። እነሱ ለምርምር ነው የሠሩት፤ እኛ ለራሳችን እንሥራው።

አንዳንዶቻችሁ «የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አለ አይደለም ወይ?» ብላችሁናል። አለ። በአዋጅ 760/2004 ተደንግጎ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ ሥራ ላይ ውሏል፤ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ግን ከምን እንደተነሣ አስቡት፤ ምዝገባው ሊጀመር ወራት ሲቀሩት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው ተመዝግቦ የተገኘው ከመቶ 3ቱ ብቻ ነበሩ። የእኛ ቆጣሪ ልደቱ ያልተመዘገበ ሕፃን ባገኘ ቁጥር ወላጆቹን ወደ ቀበሌው መዝጋቢ ይመራል። ሁለቱ ሥራዎች የሚደጋገፉ እንጂ የሚጋጩ አይደሉም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ፤ ዕድሜ። በገጠር ዕድሜ ሲጠየቅ መልሱ 30፣ 35፣ 40፣ 50 ነው። 37 ዓመቴ ነው የሚል ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። ቆጣሪው ዝም ብሎ የተነገረውን ከጻፈ በየአምስት ዓመቱ ጉብታ ያለው፣ በመሐሉ ሰው የሌለበት ወረዳ ይወጣል። ስለዚህ ዓመት አንጠይቅም፤ ነገር እንጠይቃለን። «እማማ፣ የመጀመሪያ ልጅዎን ሲወልዱ መሬት ላራሹ ታውጆ ነበር?» የካቲት 1967 ነው። «ዘማቾቹ መንደር ሲመጡ ልጁ ይሄድ ነበር ወይስ ታዝሎ ነበር?» «በ77 ድርቅ ጊዜ ጡት ጥሎ ነበር?» «ደርግ ሲወድቅስ?» ለሕፃናቱ ደግሞ ሌላ ምልክት አለን፤ ሚሊኒየሙ አለ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ የጨለመችበት ቀን አለ፤ ያን ቀን የረሳ እናት አላጋጠመንም። የክርስትናው ቀንም ይረዳል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚነሡ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ለየቀበሌው የሚሆን እንዲህ ያለ የክስተት መቁጠሪያ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠን እያዘጋጀን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ ደስ ያሰኘን ይኸኛው ነው። ጎርፉ የመጣበትን ዓመት ለመወሰን ሁለት አባቶች ግማሽ ቀን ሙሉ ተከራክረዋል።

ሞትን በተመለከተ ከሁሉ የተሻለው መዝገብ ያለው በዕድር ዳኞች እጅ ነው። ማን መቼ እንደተቀበረ ያውቃሉ። ሆኖም አንድ ቀዳዳ አለው፦ ክርስትና ሳይነሣ ወይም ስም ሳይወጣለት የሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ ዕድር አይወጣለትም፣ መዝገብም ላይ አይሰፍርም። በጸጥታ ይቀበርና እናቱ ብቻ ታስታውሰዋለች። ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱብን ማወቅ ከፈለግን መጀመሪያ እነዚህን መቁጠር አለብን፤ ይህን ጥያቄ ደግሞ አንዲት እናት ለጎረምሳ አትመልስም። ከቆጣሪዎቻችን ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ የወሰንነው ለዚህ ነው።

አካል ጉዳትም እንዲሁ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ 1 ብዙም አይበልጥም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ግን በዓለም ከመቶ 16 ገደማ ነው። በእኛ አገር አካል ጉዳት ስለሌለ አይደለም። «ቤታችሁ አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲባል «የለም» ነው መልሱ፤ ልጁ ግን ጓዳ ውስጥ አለ። እኛ እንዲያ አንጠይቅም። ስለ እያንዳንዱ ሰው «ለማየት ይቸገራል? ለመስማትስ? ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራሱን ለመጠበቅ፣ ተናግሮ ለመግባባት ይቸገራል?» እያልን በስድስት ጥያቄ እንጠይቃለን። ይህ አጠያየቅ በብዙ አገሮች ተሞክሮ የተደበቀውን ሰው ወደ ብርሃን አውጥቷል።

ብሔርና ሃይማኖት አንጠይቅም። በዚህ ላይ ኮሚቴው ውስጥ ረጅም ክርክር ነበር፣ ዛሬም ያልተስማሙ አባላት አሉን። የብዙኃኑ ሐሳብ ግን ለክፍልና ለክትባት ማቀድ ያን አይጠይቅም የሚል ነው። የመሬት ስፋትና የከብት ብዛትም አንጠይቅም፤ አርሶ አደሩ ግብር ሊጨመርብኝ ነው ብሎ ከጠረጠረ ልጆቹንም ይደብቃል። ደግሞ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሠፍት መጣ እያሉ የሚፈሩ እናቶችና አባቶች አሉ። በእነሱ ላይ መሳቅ አይገባም። ልጆቿን በቁጥር መናገር የማትወድ እናት ስማቸውን ትጥራ፤ መቁጠሩን እኛ እናደርገዋለን። ካህናቱና ሼኾቹ አስቀድመው በየጉባኤያቸው ሊያስረዱልን ቃል ገብተዋል።

መዝገቡ የሰው ምስጢር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ን አክብረን የሰውን መረጃ የምንወስደው ፈቅዶ ሲሰጠን ብቻ ነው፤ ያልፈቀደ አይገደድም። ስም ያለበት ጥራዝ በሁለት ቁልፍ በሚቆለፍ የብረት ሣጥን ይቀመጣል። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ በሰሌዳ የሚለጠፈው ድምር ብቻ ነው፤ ስንት ሰው፣ ስንት ሕፃን፣ ስንት ለትምህርት የደረሰ ልጅ፣ ስንት ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን።

እንግዲህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። ቆጣሪዎቹ 12ኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ የየቀበሌው ልጆች ናቸው፤ የቀን አበል ያስፈልጋቸዋል። ጡረታ የወጡ መምህራን ያለ ክፍያ ሊቆጣጠሩ ተስማምተዋል፤ ግን ቆላ ቀበሌዎች ለመድረስ በቅሎ መከራየት ግድ ነው። ሲኤስፕሮ የተባለው ለቆጠራ የሚሠራ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ የሚጫንበት ስልክ ግን የለንም። ስልካችሁን የቀየራችሁ፣ አሮጌው በመሳቢያ ከሚተኛ ላኩልን፤ መስታወቱ የተሰነጠቀም ቢሆን ከሠራ ይበቃል። መብራት በሌለባቸው ቀበሌዎች ስልክ የሚሞላ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሙያ፣ ወፍራም ሽፋን ያለው ጥራዝ፣ ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ እንፈልጋለን። በገንዘብ መርዳት የምትፈልጉ ከ100 ብር ጀምሮ፤ የሚቻላችሁ የአንድ ቆጣሪን የአንድ ሳምንት አበል፣ ቤተሰባችሁ በኅብረት የሚችል ደግሞ የተወለዳችሁበትን ቀበሌ ሙሉ ወጪ ብትሸፍኑ። ውጭ አገር ያላችሁ በየከተማችሁ አንድ ተወካይ መርጣችሁ በአንድ ላይ ብትልኩ የማስተላለፊያው ወጪ ይቀንሳል።

ገንዘብ ለሌላችሁ ሌላ ሥራ አለ። ስታቲስቲክስ ወይም የሕዝብ ጤና የተማራችሁ መጠይቁን እዩልን፣ ስሕተታችንን ንገሩን። ኮምፒውተር የምትችሉ የተሰበሰበውን አጣሩልን። በዕድሜ የገፉ ወላጆች ያሏችሁ ደግሞ ስልክ ስትደውሉላቸው ስለ ድሮው ነገር ጠይቁና ለክስተት መቁጠሪያችን የሚሆን ካገኛችሁ ጽፋችሁ ስጡን።

የሒሳብ ደብተሩ በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ከሦስቱ አንዷ የሴቶች ማኅበር ገንዘብ ያዥ ናት። የባንክ ሒሳቡን ቁጥር ከየዕድራችሁና ከተወላጆች ማኅበራት ሰብሳቢዎች ማግኘት ትችላላችሁ፤ ከሌላ ሰው የደረሳችሁን ቁጥር አትመኑ። ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ ከሕዝቡ ድምር ጋር በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

ምዝገባው የሚጀምረው አዝመራ ተሰብስቦ ሰው እቤቱ ሲገኝ፣ ወንዙም ሲጎድል፣ ከጥምቀት ማግስት ነው። ጥራዙ መታተም፣ ልጆቹም መሠልጠን ስላለባቸው ድጋፋችሁ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቢደርሰን መልካም ነው። የመጀመሪያው ቀበሌ ዋርካው ያለበት ነው።